መቀርቀሪያው በውስጥ በኩል ነው

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። የመርካቶው ጎጃም በረንዳ ሥራ ከጀመረ ቆይቷል። ተሸካሚው «ዞር በሉ!» እያለ ይጣደፋል፤ ወያላው ተሳፋሪ ይጣራል፤ ጋሪ የሚገፋው ልጅ ማለፊያ ይለምናል። ከዋናው መንገድ ገባ ባለች ቅያስ፣ ያገለገለ ጆንያና ማዳበሪያ ከሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ደጃፍ፣ ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ ሰው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጆንያ ያጥፋል። አራገፈ፣ ለሁለት አጠፈ፣ ደግሞ ለሁለት አጠፈ፣ በመዳፉ ደልደል አደረገና ከጎኑ ካለው ክምር ላይ አኖረ። ክምሩ በተደገፈበት ግድግዳ ላይ ቀይ የቀለም መሥመር አለ። ክምሩ መሥመሩን ሲነካ ማጠፉን ያቆማል፤ በሲባጎ ግራና ቀኝ ያስራል፤ ከዚያ ከቀኝ ኪሱ አንድ የለስላሳ ቆርኪ አውጥቶ ወደ ግራ ኪሱ ይከታል። ቆርኪዎቹ አሥር ናቸው። ቀኝ ኪሱ ባዶ ሲሆን ይነሣል፤ እጁን ያራግፋል፤ ሻይ ሊጠጣ ይሄዳል።

ይህ ሰው መቁጠር አይችልም። አሥር እስር ላይ ግን ተሳስቶ አያውቅም።

መርካቶ የእጅ ሥራ አገር ነው። ምናለሽ ተራ ከአሮጌ ቆርቆሮ ምድጃ ሲወጣ ቆሞ ያላየ፣ ልብስ ሰፊው ኮቱን ገልብጦ የውስጡን ስፌት ሲያሳየው ያላደነቀ ማን አለ? እኔ በዚያች ቅያስ ያየሁትን ሥራ ከእነዚህ ከአንዱም አላሳንሰውም። ቀዩን መሥመር ያሠመሩት፣ ቆርኪዎቹን ያዘጋጁት የሰውየው እናት ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ የቤታቸው ጉዳይ የራሳቸው ነው። ሰፈሩ «እትዬ» ስለሚላቸው እኔም እንዲሁ እላለሁ። ልጃቸው የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አለበት። እትዬ ሠላሳ ሰባት ዓመት የሠሩት አንድ ነገር ነው፤ ልጃቸው በሰው ድጋፍ፣ ግን በገዛ እጁ፣ በገዛ ሰፈሩ የሚኖረውን ኑሮ።

በ1981 ዓ.ም. አገሪቱን የመታው የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ልጁን በሁለት ዓመቱ አገኘው። ነፍሱ ተረፈች። ንግግሩና ነገር የመቀበል አቅሙ ግን ወደ ኋላ ቀረ፤ የሚጥል በሽታም ተከተለው። ጸበል ወሰዱት፤ ሐኪም ቤት ወሰዱት። ያን ጊዜም ዛሬም ብዙ ሰው የአእምሮ ሕመምንና የአእምሮ ዕድገት ውስንነትን አንድ አድርጎ ያያል። እዚያው አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ያለው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ስሙን ያስጠራው በሕመም ሕክምና ነው፤ ሕመም ይመጣል፣ በመድኃኒት ይታገሣል፣ ብዙ ጊዜም ይሻላል። ውስንነት ግን በክኒን የሚነሣ ነገር አይደለም። ለሚጥል በሽታው ክኒን አለ፤ ለውስንነቱ ያለው ትምህርትና ድጋፍ ነው። አንድ ሐኪም ይህን በግልጽ ሲነግራቸው እትዬ «እንግዲያ መድኃኒቱ እኔ ነኛ!» አሉ።

የመጀመሪያው ሥራቸው የጫማ ክር ነበር። ሌላው ሰው ልጅ ሲያስተምር ከመጀመሪያው ይጀምራል። ልጁ መሃል ላይ ይጠፋበታል፣ ያለቅሳል፣ እናት ትጨርስለታለች። እትዬ ነገሩን ገለበጡት። ክሩን እርሳቸው አስረው የመጨረሻዋን ሳብ ብቻ ለልጁ ተዉለት። ልጁ ሳበ፤ ጫማው ጠበቀ፤ «ራሱ አሰረ» ተባለ፤ ቤቱ እልል አለ። እሷን ሲለምድ ከመጨረሻዋ በፊት ያለችውን ለቀቁለት። እንዲህ ከኋላ ወደ ፊት እየሄዱ ዓመት ሊሞላ ሲል ልጁ ከመጀመሪያው ጀመረ። ልጁ በየቀኑ የሚጨርሰው በመቻል ነው፤ በእንባ አይደለም። የልዩ ፍላጎት መምህራን ይህን መንገድ በትምህርት ያገኙታል። እትዬ ያገኙት ከምጣድ ዳር ነው። እናታቸው እንጀራ መጋገር ሲያስተምሯቸው መጀመሪያ የሰጧቸው የበሰለውን በሰፌድ ማውጣቱን ነበር፤ ማቡካቱ የመጣው በስተመጨረሻ ነው።

መንገዱ ከጫማው ይልቅ ከበዳቸው። ከቤት እስከ ሱቁ ሁለት መታጠፊያና አንድ መሻገሪያ አለ። መጀመሪያ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሄዱ። ቀጥሎ ልጁ የያዘው የነጠላቸውን ጫፍ ነው። ከዚያ ነጠላውን ለቀቀና እትዬ ሁለት እርምጃ ከኋላው ሆኑ፤ ከዚያ አሥር እርምጃ፤ ከዚያ በመንገዱ ማዶ። በመጨረሻ ከሱቁ ደጃፍ ቆመው ጠበቁት። አንድ ጊዜም ከፊቱ ቀድመው አያውቁም። ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ከፊቱ ከሄድኩ የሚያየው እኔን ነው። ከኋላው ስሆን የሚያየው መንገዱን ነው።»

በዚያ መንገድ ላይ ያሉትንም ሰዎች አንድ በአንድ አስተምረዋል። ለእያንዳንዱ የነገሩት አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ ብዙ ቢነግሯቸው ሁሉም ይረሳ ነበር። ሊስትሮው «ሲያልፍ ሰላም በለው፤ ካልመለሰልህ ጥራኝ» ተብሏል፤ ልጁ ሰላምታ ሳይመልስ ካለፈ በሽታው ሊነሣበት ነውና። ሻይ የምታፈላው ሴት «መልሱን እጁ ላይ ቆጥረሽ ስጪው፤ ጠረጴዛ ላይ አታኑሪለት» ተብላለች። የመሻገሪያው የሎተሪ አዟሪ ደግሞ «እጁን አትያዘው፤ አጠገቡ ቁም» ተብሏል። ሰፈሩ ይህን የሚያደርገው ደመወዝ ተቆርጦለት አይደለም። ሥራው ግን በደንብ ተከፋፍሏል።

ልጁ ብርን የሚለየው በቀለም ነበር። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ሲለወጡ አሥሩም ሃምሳውም መቶውም መልካቸው ተቀየረ፤ ሐምራዊው ባለ ሁለት መቶ አዲስ ገባ፤ እንደነበረች የቀረችው ባለ አምስት ብሯ ነበረች። ለሌላው ሰው ይህ ባንክ ደጃፍ የመሰለፍ ጣጣ ነበር። ለእትዬ የብዙ ዓመት ትምህርት እንደገና ከሀ መጀመር ነበር። ከባለ አምስት ብሯ ተነሡ። ልጁ የሚያምናት እሷን ነበርና አዲሶቹን ኖቶች አንድ በአንድ ከእሷ ጎን እያስቀመጡ አስለመዱት። አዲስ ነገር ከሚታወቅ ነገር ጎን ሲቀመጥ አያስፈራም አሉኝ።

እትዬ ጥያቄ ሲጠይቁ ማየት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። አንድ እሑድ ቤታቸው ተቀምጬ ሳለ ሁለት ሸሚዝ ይዘው መጡ፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ነጭ። ሁለቱንም በልጁ ፊት ዘርግተው «የቱን?» አሉና ዝም አሉ። ልጁም ዝም አለ። እኔ በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። አሥራ አምስት ላይ ስደርስ ዝምታው ከብዶኝ «ሰማያዊው ያምርብሃል» ልል አፌን ስከፍት፣ እትዬ እኔን ሳያዩ መዳፋቸውን ወደ እኔ ዘረጉ፤ ተው ማለታቸው ነው። ሃያ ሁለት ላይ ልጁ ነጩን ነካ። እኔ ተናግሬ ቢሆን ሰማያዊውን ይለብስ ነበር። ማንም ሳያስገድደው፣ ማንም ሳይቆጣው፣ ምርጫው በሃያ ሰከንድ ውስጥ ከእጁ ይወጣ ነበር። ሰውን ከኑሮው የምንነጥቀው ብዙ ጊዜ እንዲህ በደግነት ነው።

ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ግን «እምቢ» ነው። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች በየትኛውም አገር ከሌላው ይልቅ ለጥቃት የተጋለጡ ናቸው፤ ለድብደባ፣ ለዝርፊያ፣ ለወሲብ ጥቃት። ከምክንያቶቹ አንዱ ታዛዥ ሆነው ማደጋቸው ነው። «ተቀመጥ፣ ብላ፣ ተነሣ፣ ና» እየተባለ ያደገ ሰው ክፉ ሰው «ና» ሲለው ይሄዳል። እኛ ደግሞ ታዛዥ ልጅን የምናመሰግን ሕዝብ ነን። እትዬ ለልጃቸው ሆን ብለው እምቢታን አስተማሩት። ሽሮ አልበላም ሲል አላስገደዱትም፤ ዘመድ ሊስመው ሲመጣ ፊቱን ቢያዞር «ተወው» አሉ፤ ሰውነቱን ሲታጠብ በር ዘግቶ እንዲታጠብ አደረጉ። «ቤት ውስጥ እምቢ ያላለ ሰው ደጅ እምቢ አይልም» ይላሉ። አንድ ቀን የማያውቀው ሰው ከሱቁ ደጃፍ እጁን ይዞ ሊወስደው ሲሞክር ልጁ ቅያሷ እስክትደነቁር «እምቢ!» አለ። ሊስትሮው ቡሩሹን ጥሎ ተነሣ፤ የሻይዋ ሴት ወጣች፤ ሰውየው እጁን ለቀቀ። ያን ዕለት ልጁን የጠበቀው በየቀኑ ቤት ውስጥ ሳይበላ የቀረው ሽሮ ነው።

ደመወዙንም እንዲሁ በእምቢታ ነው ያገኘው። ባለሱቁ መጀመሪያ «ሻይና ዳቦ እሰጠዋለሁ፤ ሰውነቱም ይፍታታ» ብሎ ነበር። እትዬ «በሻይ የሚሠራ ልጅ የለኝም» አሉ። ዛሬ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ በእስር ቁጥር ይከፈለዋል። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ከወጣ ቆይቷል፤ በዚያች ቅያስ ሥራ ላይ ያዋሉት ግን እትዬ ናቸው።

አሁን ወደ በሩ ልምጣ። ቤታቸው ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ናት። ስገባ በበሩ የውጭ ገጽ ላይ፣ በትከሻ ልክ፣ በቀለም ያልተሸፈኑ የምስማር ቀዳዳዎች አየሁ። ምን እንደሆኑ ስጠይቃቸው አልሸሸጉኝም። ልጁ ወጣት ሳለ ለሥራ ሲወጡ ከውጭ በጓጉንቸር ይቆልፉበት ነበር። «ደኅና ይሁንልኝ ብዬ ነው» አሉ። አንድ ቀን ጎረቤት ቤት እሳት ተነሣ። ሰው በሩን ሰብሮ አወጣው። መርካቶ እሳትን ያውቃል፤ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ ሲነድ ያየ ሰው በእሳት ጊዜ የተቆለፈ በር ምን ማለት እንደሆነ አስረጂ አያስፈልገውም። እትዬ በማግሥቱ አናጢ ጠሩ። ማንጠልጠያው ከውጭ ተነቀለ፤ በውስጥ በኩል መቀርቀሪያ ተመታ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሩን የሚዘጋውም የሚከፍተውም ልጁ ነው።

ስለ ድጋፍና ስለ ደኅንነት የማውቀው ሁሉ በእነዚያ ቀዳዳዎች ላይ ይታየኛል። ከውጭ የሚቆለፍ በር የጠባቂውን ልብ ያሳርፋል፤ የሚጠበቀውን ሰው ግን ከእሳቱ ጋር ያስቀረዋል። መቀርቀሪያው ከዞረ በኋላ እትዬ ቁልፍ ይሠራው የነበረውን ሥራ በሌላ ነገር መተካት ነበረባቸው። አልጋውን ዝቅ አደረጉ፤ በሽታው ሌሊት ቢጥለው ከፍ ካለ ቦታ እንዳይወድቅ። ከሰሉ ደጅ ተቀጣጥሎ ጭሱ ሳያልቅ ቤት አይገባም፤ ልጁም ብቻውን ሳለ አይያያዝም። ክኒኖቹ በሁለት የክብሪት ቀፎ ናቸው፤ በአንዱ ፀሐይ፣ በአንዱ ጨረቃ ተሥሏል። ማታ የጨረቃው ቀፎ ባዶ ከሆነ ወስዷል ማለት ነው።

ጎረቤቶቹም ቢሆኑ መማር ነበረባቸው። በእኛ አገር ሰው በሚጥል በሽታ ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ ማንኪያ በጥርሱ መሃል ማስገባት የተለመደ ነው። ሁለቱም ይጎዳሉ። እትዬ ቡና እያፈሉ፣ ሳይቆጡ፣ ሳያሳፍሩ ነገሩን አስቀየሩ፤ ክብሪት የለም፣ ማንኪያ የለም፣ ጠንካራውን ዕቃ አርቁለት፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉለት፣ ሲረጋጋ በጎኑ አስተኙት፣ አምስት ደቂቃ ካለፈው ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ። ዛሬ በዚያ ግቢ የስምንት ዓመት ልጅ ይህን በቃሏ ታውቃለች።

ገንዘብና ሕንፃ ይህን ሥራ ሊተካው እንደማይችል ዓለም በከባድ ዋጋ ተምሯል። በእንግሊዝ አገር ብሪስቶል አጠገብ ዊንተርቦርን ቪው የሚባል የግል ሆስፒታል ነበር። የአእምሮ ዕድገት ውስንነትና ኦቲዝም ላለባቸው ሰዎች የተሠራ ሲሆን ለአንድ ሰው በሳምንት 3,500 ፓውንድ ገደማ ይከፈልበት ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. የቢቢሲ ጋዜጠኛ በድብቅ ካሜራ ያነሣው ፊልም ሠራተኞቹ የተሰጧቸውን ሰዎች ሲደበድቡና ሲያዋርዱ አሳየ። አሥራ አንድ ሠራተኞች ተፈረደባቸው፤ ስድስቱ ታሰሩ፤ ቤቱ ተዘጋ። እዚያ አልጋ ነበረ፣ ነርስ ነበረ፣ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነበረ። ሲያልፍ ሰላም የሚለው ሊስትሮ ግን አልነበረም። በሩን የሚዘጋውም የሚከፍተውም ሌላ ሰው ነበር።

የተሻለውን ምሳሌ ያገኘሁት በቤልጂግ፣ ጌል በምትባል ከተማ ነው። ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የአእምሮ ሕመም ወይም ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ፈውስ ፍለጋ ወደ ቅድስት ዲምፍና ቤተ ክርስቲያን ይመጡ ነበር፤ ልክ በእኛ አገር ወደ ጸበል እንደሚመጣው። ማደሪያው ሲጠብ የከተማዋ ሰዎች እንግዶቹን ወደየቤታቸው ወሰዱ። ያልዳነውም አብሯቸው ኖረ፤ ከብት ጠበቀ፣ ልጅ ያዘ፣ ገበታ ቀረበ። ይህ ልማድ ዛሬም አለ፤ ቤተሰቡን ሐኪምና ነርስ ይደግፈዋል፣ መንግሥትም አበል ይከፍለዋል። ጌል የሰፈርን እጅና የመንግሥትን እጅ አጋጥማለች። ጎጃም በረንዳ ያለው ግን የሰፈሩ እጅ ብቻ ነው።

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 19 አካል ጉዳተኛ የት እና ከማን ጋር እንደሚኖር የመምረጥ መብት እንዳለው፣ ለዚህም የሚያስፈልገውን ድጋፍ በሚኖርበት ማኅበረሰብ ውስጥ ማግኘት እንዳለበት ይናገራል። በአገራችን ለዚህ መንገድ የጠረጉት በአብዛኛው ወላጆች ናቸው። ዘሚ የኑስ የልጃቸውን ኦቲዝም ሳይደብቁ በአደባባይ ተናግረው ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በ2002 እ.ኤ.አ. መሠረቱ። አቡጊዳ ፎነቲክስ የተባለው የማስተማሪያ ዘዴያቸው ከገዛ ፊደላችን የተነሣ ነው። በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ ሥራው በእጃቸው ብቻ አልቀረም፤ ለሌሎች አስተላልፈውት ነበር። እኔ ይህን የሙያ መጨረሻ ፈተና እለዋለሁ። ባለሙያው ሲሄድ ሥራው ይቆማል ወይስ ይሄዳል?

እትዬ ዕድሜያቸው ሰባን እየተጠጋ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ያላት እናት ሁሉ ሌሊት የምትጠይቀውን ጥያቄ እርሳቸውም ይጠይቃሉ፤ እኔ ሳልፍስ? ለዚህ ያዘጋጁት ነገር ትራስጌያቸው አለ፤ ባለ መቶ ገጽ ደብተር። እርሳቸው ይናገራሉ፤ የእህታቸው ልጅ ትጽፋለች። ጥቂት ገጾች እንዳነብ ፈቀዱልኝ፤ ልጁንም ጠይቀው ነው የፈቀዱት። «ጆሮውን በጡጫ ሲመታ ተቆጥቶ አይደለም፤ ጥርሱን አሞት ነው።» «ዝናብ ሲመጣ ሥራ ይቅር አትበሉት፤ ጃንጥላ ስጡት።» «ሲስቅ አብራችሁ ሳቁ፤ ምን አሳቀህ አትበሉት።» የእህታቸው ልጅ አሁን በሳምንት ሦስት ቀን እዚያ ታድራለች። እትዬ በእነዚያ ቀናት ሆን ብለው ዘመድ ጥየቃ ይሄዳሉ። አሁን ደግሞ ከእርሷም ኋላ ሁለት እርምጃ ሆነዋል።

አንድ ስጋት አለባቸው። ቀበሌ ቤቱ ሲፈርስ ምትክ ቤት ይሰጣቸው ይሆናል፤ ሊስትሮው፣ የሻይዋ ሴትና የሎተሪ አዟሪው ግን በቁልፍ ርክክቡ ውስጥ አይካተቱም። ሰፈር የሚያነሡ ሰዎች እንዲህ ያለውን ቤተሰብ ከጎረቤቶቹ ጋር አብረው ቢያሠፍሩት ብዙ ገንዘብ የማይሠራውን ሥራ ይሠራሉ።

የመጨረሻውን ሥራቸውን ያየሁት በእድራቸው ደብተር ላይ ነው። ልጁ ድሮ በእናቱ ስም ሥር «ልጅ፣ አንድ» ተብሎ ነበር የተመዘገበው። እትዬ የእድሩን ዳኛ ለምነው፣ ተሟግተው፣ በጉባኤ አስወስነው ራሱን የቻለ አባል አደረጉት። የወር መዋጮውን ከደመወዙ ራሱ ይከፍላል፤ ልቅሶ ሲኖር ወንበር ያወጣል፣ ይመልሳል። ምክንያታቸውን እንዲህ ነገሩኝ፤ «እኔ ስሞት እድሩ ለእኔ ይመጣል፤ ሦስት ቀን ተቀምጦ ይበተናል። እሱ አባል ከሆነ ግን በአራተኛውም ቀን የእድሩ ሰው ነው።»

በእናንተ እድር ደብተር ውስጥ እንዲህ ያለ ስም ከሌለ፣ በሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ሰው ስለሌለ አይደለም። በሚቀጥለው ስብሰባ ጠይቁ።